ግድግዳው በበሩ አልገባም

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ አንጋፋ ባለሙያዎች፣ እንግዶቻችን፣ እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም መጣችሁ።

አናጢ ነኝና ረጅም ንግግር አልችልበትም። ስለ መድረክ ሥራ ዋጋ ግምታችን ብቻ ትንሽ ላውራ። በየዓመቱ ስንገናኝ "በጀት አነሰን" እንባባላለን። ያንሳል፣ አልክድም። ግን ያለችውንም እየበተንን ያለነው እኛው ራሳችን ነን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ቴአትር የሳሎን ግድግዳ ሠራን። የት እንደነበር ይቆይ። ርዝመቱ 6 ሜትር፣ ቁመቱ 3 ሜትር። ሒሳቡን የሠራሁት እኔ ነኝ። 18 ካሬ ሜትር። አንዱ ኮምፔንሳቶ 1.22 በ2.44 ስለሆነ 3 ካሬ ሊሞላ ምንም አይቀረው። 6 ይበቃል ብዬ ጻፍኩ። ቆራጩ ልጅ ወረቀቱን አይቶ ሳቀ።

"ጋሼ፣ ኮምፔንሳቶው ሲቆም ከላይ 56 ሳንቲም ይጎድላል እኮ!"

ልክ ነበር። ወርዱን ለመሸፈን 5 ይቆማሉ። ለላይኛው ክፍተት ሌላ 2 ይቆረጣሉ። 7 ማለት ነው። ልጁን ቀድሜ ብጠይቀው ኖሮ መርካቶ ሁለቴ ባልተመላለስኩ።

ይሄ ትንሹ ነው። ግድግዳውን ግቢ ውስጥ አንድ ወጥ አድርገን ገጠምነው። ወደ መድረኩ የሚያስገባውን በር የለካ ሰው ግን የለም። በመክፈቻው ዋዜማ፣ ማታ 3 ሰዓት ላይ፣ ያን የመሰለ ግድግዳ በመጋዝ ለሦስት ከፈልነው። ተጨማሪ ሞራሌ፣ ማጠፊያ፣ የማታ አበል፣ የሠራተኛ መሸኛ ታክሲ። አንዱም ግምቱ ላይ የለም። ጠዋት ቀለም ቀቢዋ ስንጥቁን ስትደፍን አዘጋጁ መጣ። "የሳሎኑን በር በግራ ነበር ያልኩት" አለ። እሱ ያለው የተዋናዩን ግራ ነው። እኛ የሠራነው በተመልካቹ ግራ!

ሁላችንም በየሙያችን ደህና ነበርን። አንድ ላይ ግን አንድም ቀን አልተቀመጥንም።

አሁን እኛ ጋ ግምት ከመጻፉ በፊት አዘጋጁ፣ አናጢው፣ ቀለም ቀቢዋ፣ የመብራት ባለሙያውና የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ባዶው መድረክ ላይ ይገናኛሉ። ግድግዳውን በልኩ ወለሉ ላይ በኖራ እናሠምራለን። መብራት ያዡ "ይሄ ሰማያዊ በቢጫ መብራት ይጠቁራል" ካለ፣ ቀለሙ ሳይገዛ ይለወጣል። ግምጃ ቤቱ "ያለፈው ዓመት ፍሬም አለ" ካለ፣ ሞራሌው ተረፈ ማለት ነው። ቴአትሩ ክፍለ ሀገር የሚወጣ ከሆነም ግድግዳው ስንት ቦታ እንደሚታጠፍ አይሱዙው ነው የሚወስነው። እዚሁ ከተማ ውስጥ እንኳ ከሀገር ፍቅር ወደ ብሔራዊ የዞረ ሰው መድረኮቹ እንደማይመሳሰሉ ያውቃል።

ሌላ ነገር፣ ዋጋ የጠየቃችሁበትን ቀን ግምቱ ላይ ጻፉ። የዛሬ ወር የጠየቃችሁትን ይዛችሁ ሚናለሽ ተራ ብትሄዱ ማን ይሰማችኋል?

በጥሪው ደብዳቤ ሁለት ወረቀት አምጡ ብለን ነበር፤ የገመታችሁትንና በትክክል ያወጣችሁትን። የእኔ በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ነው። ያሳፍራል፣ ግን እዩት። ሻይ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ እስከዚያ የእናንተንም ከጎኑ አስቀምጡ። ጉባኤው ተከፍቷል።