ሁሉም የጉልበት ሕመም ብርድ አይደለም

የተከበራችሁ አባቶች፣ እናቶች፣ የእድራችን አባላት ሁሉ፤ እንደምን አረፈዳችሁ?

ዛሬ ወደዚህ አዳራሽ ስትገቡ በሩ አጠገብ ቆሜ ነበር። ብዙዎቻችሁ ደረጃውን የወጣችሁት አንዱን እግር እያስቀደማችሁ፣ ሌላውን እየጎተታችሁ ነው። አግዳሚው ላይ ስትቀመጡም «ኧረ ጉልበቴ!» ያላለ ጥቂት ነው። ምን ሆናችሁ ብዬ ብጠይቅ መልሱን አውቀዋለሁ፤ «ብርድ ነው» ትሉኛላችሁ። ደብረ ማርቆስ ያደገ ሰው ብርድን አይክድም፤ የታመመ ጉልበት በብርድ ጊዜ እንደሚጠዘጥዝም ከታካሚዎቼ ዘወትር እሰማለሁ። ነገር ግን ብርድ የምንለው አንድ ስም የተለያዩ በሽታዎችን ሸፍኖብናል። አንዳንዶቹ ታግሠን የምንኖራቸው ናቸው፤ አንዳንዶቹ ግን አንድ ቀን እንኳ አይጠብቁም።

ከእናንተ በዕድሜ ገፋ ያላችሁትን በብዛት የሚይዘው የመገጣጠሚያ መሳሳት ነው። በአጥንትና በአጥንት መካከል ያለው ለስላሳ ልም አጥንት እየሳሳ ይሄዳል። ስትሠሩ ይብሳል፣ ስታርፉ ይቀላል፤ ጠዋት ይገትራችኋል፣ ግን ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይፈታል። ዕድሜ ልኩን ሸክም ሲሸከም፣ ጎንበስ ብሎ ጤፍ ሲያርም የኖረ ጉልበት ቢያምም አይደንቅም። የሚያሳዝነኝ «ከእንግዲህ ማረፍ ነው» ብላችሁ መተኛታችሁ ነው። የተኛ እግር ጡንቻው ይከሳል፤ ጡንቻው የከሳ ጉልበት ደግሞ ሸክሙን ሁሉ አጥንቱ ላይ ይጥለዋል። በርጩማ ላይ ተቀመጡና አንድ እግራችሁን ቀጥ አድርጋችሁ ዘርጉ፤ እስከ 5 ቁጠሩ፤ አውርዱ። በእያንዳንዱ እግር 10 ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ። ወፈር ያላችሁ ደግሞ ይህን አስቡ፦ ከሰውነታችሁ አንድ ኪሎ ስትቀንሱ፣ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበታችሁ ላይ የሚያርፈው ጫና በ4 ኪሎ ያህል ይቀንሳል።

ሁለተኛው ሩማቶይድ አርትራይተስ ይባላል፤ ይህ የማርጀት ጉዳይ አይደለም። የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ የራሱን መገጣጠሚያ ይወጋል። የ35 ዓመት እናት ጠዋት ተነሥታ ሊጥ ማቡካት ያቅታታል፤ የሁለቱም እጆቿ ጣቶች ያብጣሉ፤ እስኪፍታቱ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ሴቶችን ከወንዶች ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ይበልጥ ያጠቃል። አንዴ የተጣመመ ጣት ወደ ቦታው አይመለስም፤ ስለዚህ መድኃኒቱ ቶሎ መጀመር አለበት። ሜቶትሬክሴት የታዘዘላችሁ ካላችሁ፣ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚወሰድ መሆኑን አደራ አትርሱ፤ በየቀኑ ቢወሰድ ሊገድል ይችላል። ጠበል ስትሄዱም ክኒኑን ይዛችሁ ሂዱ። ጠበሉንም አትተዉ፣ መድኃኒቱንም አታቋርጡ።

ሪህን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። ዩሪክ አሲድ በደም ውስጥ ሲበዛ መገጣጠሚያ ውስጥ እንደ መርፌ ይጠራቀማል። ሌሊት የእግር አውራ ጣት በድንገት ይቀላል፣ ያብጣል፤ ጋቢ እንኳ ሲነካው አያስችልም። ከ55 ቀን ጾም በኋላ በፋሲካ ሥጋውና ጠላው በአንድ ላይ ሲመጣ ሊቀሰቅሰው ይችላል። ሐኪም ካየው የሚታከም በሽታ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ። የታላቅ እህቴ ልጅ በ10 ዓመቱ ጉሮሮውን አመመው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ቀኝ ጉልበቱ አበጠ፤ ያ ሲተወው ቁርጭምጭሚቱን፣ ከዚያ ክርኑን ያዘው። በቅቤ አሸነው፣ በጋቢ ሸፈንነው። ወደ ሕክምና ብንወስደውም «ብርድ ነው» ተብሎ ማስታገሻ ይዞ ተመለሰ። እኔ ያን ጊዜ ተማሪ ነበርሁ፤ አላወቅሁም። እብጠቱ ጠፋና ደስ አለን። በ16 ዓመቱ ኳስ ሲጫወት ትንፋሽ አጠረው፤ የልብ ቫልቩ፣ ማለትም የደሙ መተላለፊያ በር፣ መጎዳቱ የታወቀው ያኔ ነው።

ይህ የሩማቲክ ትኩሳት ነው። በተለይ ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆችን ይይዛል። መነሻው በባክቴሪያ የሚመጣ የጉሮሮ ሕመም ነው። የድሮ ሐኪሞች «መገጣጠሚያን ይልሳል፣ ልብን ይነክሳል» ይሉታል፤ እኛ ቤት የሆነው ልክ እንደዚያ ነው። የጉሮሮው ሕመም በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ ፔኒሲሊን ቢያገኝ ኖሮ መከላከል ይቻል ነበር። አንዴ የያዘው ልጅ ደግሞ እንዳያገረሽበት በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ መርፌውን ለዓመታት ይወስዳል። ልጃችሁ ጉሮሮውን ሲያመው እንጥል ወደሚቆርጥ ሰው አትውሰዱት፤ እንጥል ማስቆረጥ ይህን በሽታ አይከላከልም፣ ደም መፍሰስና ሌላ ኢንፌክሽን ግን ያመጣል። ሕመም ከመገጣጠሚያ ወደ መገጣጠሚያ የሚዞርበት ልጅ ካላችሁ ነገ ጠዋት ሐኪም ዘንድ ይቅረብ፤ «ልቡንም እዩልኝ» በሉ።

አንድ መገጣጠሚያ ብቻ በድንገት አብጦ እንደ እሳት ከጋለና ትኩሳት ካለው ግን ነገንም አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሂዱ። መግል ይዞ ሊሆን ይችላል፤ በቀናት ውስጥ መገጣጠሚያውን ያበላሸዋል። ወጌሻ እንዲያሸው አትፍቀዱ።

ዳይክሎፌናክ የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ሐኪም ሳትጠይቁ ከመድኃኒት ቤት ገዝታችሁ ለወራት የምትወስዱም አላችሁ። ጨጓራን ያቆስላል፣ ኩላሊትን ይጎዳል። የደም ግፊት ያለባችሁማ ሐኪም ሳታማክሩ አትንኩት።

ከመበተናችን በፊት አንድ ነገር ላሳያችሁ። ምርኩዛችሁን ሁላችሁም በታመመው እግር በኩል ይዛችሁ አየሁ። ቀኝ ጉልበታችሁን የሚያማችሁ ምርኩዙን በግራ እጃችሁ ያዙ፤ ቀኝ እግራችሁና ምርኩዙ አብረው ይራመዱ። እስቲ ከፊት ያላችሁ እናቶች ቀስ ብላችሁ ተነሡ፤ እስከ በሩ ድረስ አብረን እንሞክረው።