ጠብታዋ የት ትረፍ?

ሰላም፣ እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁ ከደሴ ነው። ውጪ እያካፋ ስለሆነ ድምፁ ከገባ ታገሡኝ።

ስለ ሲሊኮን ዘይት ላወራ ነው። ረዚን፣ ማለትም ፈስሶ እንደ ጠንካራ ፕላስቲክ የሚደርቀውን ፈሳሽ፣ የምትሠሩ ታውቁታላችሁ፤ ባለቀለሙ ረዚን ላይ ያንን ክብ ክብ ቅርጽ የሚያወጣው እሱ ነው። ብዙ ሰው "ስንት ጠብታ ላድርግ?" ይለኛል። እኔ ግን "ምን ላይ ልታደርጊው ነው?" የሚለውን አስቀድማለሁ።

ዘይቱ ከረዚን ጋር አይዋሃድም። ቀለልም ይላል፤ አንድ ሊትሩ 970 ግራም ገደማ ነው፣ ኤፖክሲ ረዚን ደግሞ ወደ 1,100 ግራም ይጠጋል። ስለዚህ ወደ ላይ ይወጣል። ሲወጣ የላዩን ቀለም ወደ ጎን ይገፋና የሥሩ ብቅ ይላል። ሰማያዊ መሃል ነጭ ሲከፈት፣ እኔ አሁንም ሥራዬን አቁሜ ነው የማየው። ለትንሽ ኩባያ ቀለም አንድ ሁለት ጠብታ ይበቃል። ብዙ ካማሰላችሁት ዘይቱ ይደቅና ክቦቹ ጥቃቅን ይሆናሉ።

የደሴ ብርድም የራሱ ጣጣ አለው። 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነን። ረዚን ሲቀዘቅዝ ይወፍራል፤ ዘይቱ ቶሎ አይወጣም፣ አረፋውም ታፍኖ ይቀራል። ዝቅ ብላ ሞቅ የምትለው ኮምቦልቻ ያሉት ከዚህ ተገላግለዋል። እኛ ጠርሙሱን እንደተከደነ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ እናቆየዋለን። ይቺ ቀላል ናት።

ከባዱ ሌላ ነው። ረዚኑ ሲደርቅ ዘይቱ አይደርቅም። ጣታችሁን ብታሳልፉበት ሙልጭልጭ ይላል። በዚያ ላይ ሁለተኛ ድርብ ስታፈሱ ረዚኑ ይሸሻል፤ ምስር የሚያህል ጉድጓድ እዚህም እዚያም ይቀራል። መጀመሪያ በአልኮል ደጋግሞ መጥረግ፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ፣ እንደገና መጥረግ ነው። ሳይጠረግ ከተፈገፈገ ዘይቱን ማሰራጨት ነው የሚሆነው።

የምሠራበትን ቤት የምጋራው ከአንድ አናጢ ጋር ነው። ጋሼ እያልኩ ነው የምጠራቸው። ቁም ሳጥን፣ አልጋ፣ ቫርኒሽ ይቀባሉ። የኔ ዘይት የነካው ጨርቅ እሳቸው እንጨት ላይ ቢያርፍ ቫርኒሹም እንዲሁ ይሸሻል። መኪና ቀለም የሚቀቡ ሰዎች ሲሊኮን ያለበትን ፖሊሽ የሚፈሩት ለዚህ ነው። ስለዚህ ዘይቱ የራሱ ጥግ፣ የራሱ ጨርቅ፣ የራሱ ጓንት አለው። ጋሼ "አብሽሪ፣ ይሄን ያህል አትጨነቂ" ይሉኛል። እኔ ግን እጨነቃለሁ። የሰው እንጀራ ነው።

ለግድግዳ ሰዓትና ለሥዕል በደስታ እጠቀምበታለሁ፤ ድርብ አያስፈልጋቸውም። ረከቦት ላይ ግን አላደርገውም። ረከቦት በየቀኑ ይወለወላል፣ ስኒ ይመላለስበታል፤ ላዩ በጥሩ ድርብ መሸፈን አለበት። (ጀበናውን ግን ማቶቱ ላይ አድርጉት፤ ተራ ረዚን ትኩስ ነገር አይወድም።) በቅርቡ አንዲት እናት ለልጃቸው ሰርግ ረከቦት አዘዙኝና "ያንን ክብ ክብ አድርጊልኝ" አሉ። ያለ ዘይት ነው የሠራሁት፤ ነጩን ቀለም በሙቅ አየር እየገፋሁ። ክብ ሳይሆን እንደ ጥልፍ ያለ ነገር ወጣ። ሳሳያቸው በእጃቸው ዳበስ ዳበስ አድርገው "ይሄ ይሻላል" አሉኝ። ድርቡም ጠርዝ እስከ ጠርዝ ይዟል።

በሚቀጥለው ረዚን ስለምናፈስበት ቅርጽ ማውጫ አወራለሁ፤ ሲሊኮን ሆኖ ሳለ ለምን ይህን ጣጣ እንደማያመጣ። ደህና ሁኑ።