ደንበኛው ያልመረጠውን አትምረጡለት፦ የአቅርቦት ሰንሰለት ባለሙያው ለአድማጮች የሰጡት መልስ

ጥያቄ፦ ሹራብ አመርታለሁ። ደንበኛ ምርጫ ስለሚወድ በአሥር ቀለም ሠርቼ ባስቀምጥ ምን ችግር አለው?

መልስ፦ በየሳምንቱ እንደምለው፣ ደንበኛው ያልመረጠውን እናንተ አትምረጡለት። የጣሊያኑ ልብስ አምራች ቤኔተን ክሩን አስቀድሞ መንከሩን ትቶ ሹራቡን ሳይነከር ከሠራ በኋላ ገበያው የፈለገውን ቀለም አይቶ መንከር የጀመረው ለዚህ ነው። በአንዱ ሹራብ ላይ ወጪ ቢጨምርም፣ ማንም ያልፈለገውን ቀለም በኪሳራ ከመሸጥ ይሻላል።

ጥያቄ፦ የቀለም መቀላቀያ ማሽን ገዝቻለሁ። የተዘጋጁ ቀለሞችንም ልያዝ?

መልስ፦ አይያዙ፤ ነጩ መሠረት ቀለምና ማቅለሚያው ይበቃዎታል፤ ደንበኛው የመረጠውን ያኔ ይቀላቅሉለታል።

ጥያቄ፦ ሶፋ እሠራለሁ። ቀብድ ከተቀበልኩ በኋላ ጨርቁን ከውጭ ስለማስመጣ፣ በአንድ ወር እጨርሳለሁ ያልኩት ሥራ አራት ወር እየፈጀ ከደንበኞቼ አጣላኝ።

መልስ፦ አይቀየሙኝና፣ ከሁሉ የሚያስፈራኝ ልማድ ይህ ነው። በጅቡቲ በኩል በመርከብ የሚመጣ ዕቃ የሚፈጀውን ጊዜ እያወቁ የአንድ ወር ቀጠሮ መስጠት በሌለ ዕቃ መማል ነው፤ የአንዱ ቀብድ የሌላው ሥራ መሸፈኛ ከሆነ ደግሞ አንዱ ሲዘገይ ሁሉም ተያይዞ ይወድቃል። የተደባለቁብዎ ሁለት የአቅርቦት ሰንሰለቶች፣ ማለትም ዕቃ ከምንጩ እስከ ደንበኛው የሚደርስባቸው ሁለት መንገዶች ናቸው። ጣውላው፣ ስፖንጁና ብሎኑ ለሁሉም ሶፋ አንድ ስለሆነ በትንበያ፣ በብዛትና በርካሽ ይገዛል፤ ጨርቁን መቁረጥና ማልበስ ግን ትእዛዝ ከመጣ በኋላ በፍጥነት የሚሠራ ነው። በሁለቱ መገናኛ ላይ ያላለቀ ሶፋ ቆሞ ይጠብቃል፤ ብልሃቱም ይህን መገናኛ በትክክል መምረጥ ነው። የኮምፒውተርና የማተሚያ አምራቹ ሂውሌት ፓካርድ ለአውሮፓ የሚልከውን ዴስክጄት ማተሚያ የየአገሩን የኤሌክትሪክ ዕቃና የመመሪያ መጽሐፍ ከፋብሪካው ሳያሟላ ልኮ እዚያው ማከፋፈያው ላይ እንዲሟላለት ያደረገው፣ የአንዱ አገር ማተሚያ ተከምሮ የሌላው እንዳያልቅበት ነው። ጨርቁስ? ስድስት ወይም ስምንት ዓይነት አስቀድመው ያስመጡና ያንን ወፍራም የናሙና መዝገብ ከጠረጴዛዎ ላይ ያንሱት። ደንበኛው ይምረጥ ስል መጋዘንዎ ውስጥ ካለው ይምረጥ ማለቴ ነው።

ጥያቄ፦ እንደ ኮምፒውተር አምራቹ ዴል ሁሉንም በትእዛዝ ብቻ ብሠራስ?

መልስ፦ ዴል ገንዘቡን ከደንበኛው አስቀድሞ ሲቀበል፣ አቅራቢዎቹ በፋብሪካው አቅራቢያ ክምችት ይዘው ይጠብቁት ነበር፤ የእርስዎም አቅራቢ እንዲህ ካደረገልዎ ይሞክሩት። ዴል ራሱ እ.ኤ.አ. በ2007 ተገጣጥሞ ያለቀ ኮምፒውተር በአሜሪካው የሱቆች ሰንሰለት በዎልማርት መደርደሪያ ላይ መሸጥ ጀምሯል።

ጥያቄ፦ አቅራቢዬ ሲያዘገይ የሚቀጣበትን ውል እንዴት ልጻፍ?

መልስ፦ ይህ የእኔ ሙያ አይደለም፤ ከመፈረምዎ በፊት ጠበቃ ያማክሩ፤ ቀብድ የተቀበሉባቸውን ደረሰኞችም ይዘው ይሂዱ።