ቁርጡ ያልታወቀ እስር

አሰላሙ ዓለይኩም፤ እንደምን አደራችሁ! ዱዓ ያደረጉልን ሼኻችን፣ ቡራኬ የሰጡን አባታችን፣ ከወረባቦና ከቃሉ ሌሊት ተነሥታችሁ ደሴ የደረሳችሁ እናቶች፣ የስደት ተመላሾች ማኅበራችን አባላት በሙሉ፣ እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን አደረሳችሁ።

የሒሳብ ሪፖርቱን ገንዘብ ያዣችን ስለሚያቀርብ እኔ ስለ ገንዘብ አላወራም። ደስ የሚል ወሬም ስላልሆነ ለእሱ ብተወው ይሻላል። እኔ ከተርሂል ይዘነው ስለመጣነው ነገር ልናገር።

ለተመላሾች ቃሉ አዲስ አይደለም፤ ለእንግዶቻችን ግን ተርሂል ማለት ሳዑዲ ውስጥ ከአገር የሚባረር ሰው የሚታጎርበት ቦታ ነው። እስር ቤት እንዳንለው ፍርድ የለበትም፤ ማረፊያ እንዳንለው በሩ ከውጭ ይቆለፋል።

እኔ የቤት ሠራተኛ ነበርኩ። የሰባት ወር ደሞዝ ሳይከፈለኝ ሲቀር ጠፍቼ ወጣሁ፤ አሠሪዬ ሁሩብ አስመዘገበብኝ። ሠራተኛዋ ኮበለለች ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ኢቃማሽ፣ የመኖሪያ ፈቃድሽ ማለት ነው፣ አይሠራም፤ ሹርጣ፣ ፖሊሱ፣ ያገኘሽ ቀን ትያዣለሽ። «በሕገወጥ መንገድ ሄደው ነው» ለሚሉን መልሴ ይኸው ነው፦ በኮንትራት የሄደችውም በአንድ ሰው ቃል ሕገወጥ ሆና ታድራለች። ፓስፖርቴ በአሠሪዬ እጅ ስለቀረ ለመባረር እንኳ ሊሴ ፓሴ፣ በፓስፖርት ፈንታ የሚሰጠውን የጉዞ ወረቀት፣ መጠበቅ ነበረብኝ።

የምንተኛው በፈረቃ ነበር። እከኩ፣ ሽታው፣ ሙከይፉ፣ ማቀዝቀዣው፣ ሲበላሽ የሚያፍነው ሙቀት፣ ይህ ሁሉ አልፏል። ያላለፈው ቁርጥን አለማወቅ ነው። አምስት ዓመት የተፈረደበት ሰው የቀረውን ይቆጥራል። እኛ ያለፈውን ብቻ ነበር የምንቆጥረው። ጠባቂዋን መቼ ነው የምንሄደው ስንላት «ቡክራ» ትለናለች፤ ነገ። አራት ወር ሙሉ ነገ ነበር። አገሬ ከገባሁ በኋላ እናቴ «ነገ ጎረቤት ጠርተን ቡና እናፈላለን» ስትለኝ ላብ ያጠምቀኝ ነበር፤ ምክንያቱን ለእሷ ማስረዳት አልቻልኩም።

ብዙዎቻችን አንናገረውም፤ የሚጠይቀንም የለም። ቦሌ ላይ የምንጠየቀው ወረዳችንን ነው፤ ቤት ስንደርስ ደግሞ ይዘን የመጣነውን። ይዘን የመጣነው አንድ ፌስታል ነው፤ ለደላላ ለመክፈል በሬ ተሸጧል፣ ዕዳውም ገና አልተከፈለም። አንድ ወንድማችን ከተመለሰ ወዲህ በር ሥር ካልሆነ እንቅልፍ አይወስደውም። ባለቤቱ አእምሮውን ነክቶታል ብላ ጠበል ልትወስደው ነበር። በቅዳሜው ቡናችን ላይ ይህንን ሲያወራ ሌሎች ሦስት ሰዎች «እኔም» አሉ። ዘንድሮ ከሠራነው ሁሉ ትልቁ ያ ቡና ይመስለኛል፤ ከዶሮ እርባታው ይበልጣል። ዶሮዎቹንማ ፈንግል ጨረሳቸው።

ነገሩ የቆየ ነው። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ሕጋዊ ወረቀት ለሌላቸው የሰጠችው የምሕረት ጊዜ አብቅቶ አፈሳው ሲጀመር በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ተመለሱ። በ2012 ዓ.ም. በኮሮናው ወቅት የየመን ታጣቂዎቹ ሁቲዎች ከሰሜን የመን ያባረሯቸው፣ ከሳዑዲ ድንበር ጥይት የተረፉትም ጂዛንን በመሳሰሉ የሳዑዲ ቦታዎች ለወራት ታጎሩ። በመጋቢት 2014 ዓ.ም. ከሳዑዲ ከ100 ሺህ በላይ ሰው ለመመለስ በረራ ሲጀመር የመጣችሁ አሁን እዚህ ተቀምጣችኋል።

የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. በየመን ዋና ከተማ ሰንዓ ላይ የሆነውን ግን ሳላነሣ አላልፍም። ታጉረው የነበሩት ስደተኞች፣ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን፣ አያያዛችን ይስተካከል ብለው ምግብ አንበላም አሉ። መጋዘን ውስጥ ተቆልፎባቸው ሳለ የሁቲ ጠባቂዎች ወደ ውስጥ የተኮሱት ነገር እሳት አስነሣ። ብዙዎች እዚያው ተቃጠሉ።

እኛ አገር መርዶ ሥርዓት አለው። ዘመድና ጎረቤት በማለዳ ተሰብስቦ ይሄዳል፣ ይነገራል፣ ይለቀሳል፣ ሰው ቁርጡን ያውቃል። ስሙ ያልታወቀ አስከሬን ግን መርዶ የለውም። ልጃቸው ከየመን መደወል ያቆመባቸው አንዲት እናት አሉን። «ለቅሶ ልቀመጥ ብል ቢመጣስ? ልጠብቅ ብል ሞቶ እንደሆነስ?» ይሉኛል። ሰደቃ አላወጡም። የልጃቸው ሚስት ባልቴት ናት እንዳንል፣ ባለትዳር ናት እንዳንል ሆና ቀርታለች። እሳቸው ቁጥራቸው እንዳይዘጋ በየወሩ ካርድ ይሞላሉ፤ ልጁ የሚያውቀው ያንን ቁጥር ብቻ ነው።

ስለዚህ ሥራ አመራሩ ዛሬ ለጉባኤው የሚያቀርበው አንድ ሐሳብ አለው፤ የስም መዝገብ እንክፈት። ስም ከነአያት፣ ቀበሌ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የደወለበት ቀን፣ ያኔ ነኝ ያለው ቦታ። ቀይ መስቀል የተጠፋፉ ቤተሰቦችን የሚያፈላልግ አገልግሎት አለው፤ ገጠር ያለች እናት ግን ይህንን ከየት ትሰማለች? ቅጹን እኛ አብረናት እንሞላለን፤ ለውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርም ዝርዝሩን በደብዳቤ እናስገባለን። የሁሉንም ቁርጥ እናመጣለን ብዬ ቃል አልገባም።

ድምፅ ከሰጣችሁበት ምዝገባው ከምሳ በፊት ይጀመራል። ጠረጴዛው ከበሩ በስተቀኝ ነው፤ ፎቶ የያዛችሁ አምጡት፣ እናቶች ይቅደሙ። አሁን ጸሐፊያችን አጀንዳውን ያነብልናል።