«ተያቸው፣ ይላመዳሉ» ለምትሉ ሁሉ

እንደምን ዋላችሁ። ቁጭ በሉ፣ ቁጭ በሉ። ከኋላ ያላችሁ ካልተሰማችሁ እጅ አውጡ፣ ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ። በዚህ ርዕስ ላይ ድምፅ ከፍ ማድረግ አይቸግረኝም።

አዘጋጆቹ «ባንታሞችን፣ ማለትም ትንንሾቹን የዶሮ ዝርያዎች፣ ከትልልቅ ዝርያዎች ጋር በአንድ ግቢ ስለማርባት ትንሽ አውራን» አሉኝ። ዝርዝርም ሰጥተውኛል፤ መኖ፣ ቆጥ፣ በሽታ፣ መታቀፍ። ዝርዝሩ ኪሴ ውስጥ ነው፣ እደርስበታለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ ካላችሁኝ ግን የመጣሁት ለአንድ ነገር ነው። ባለፈው ስብሰባ በሻይ ሰዓት የተነሳውን ክርክር ታስታውሱታላችሁ። አንዲት አዲስ አባል ትንሿ ባንታሟ ከትልልቆቹ ጋር ከተቀላቀለች ወዲህ ጥግ ይዛ መቅረቷን ነገረችንና «ምን ላድርግ?» አለች። ግማሹ ሰው በአንድ አፍ «ተያቸው፣ ራሳቸው ይላመዳሉ» አላት። አንገቷን ደፍታ ሄደች።

እኔ የመጣሁት ከዚያ ምክር ጋር ልጣላ ነው።

ምክሩ ከሜዳ አልመጣም፣ ይገባኛል። ቶርሌይፍ ሼልደሩፕ-ኤበ የሚባል ኖርዌያዊ ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ ዶሮዎች መሀል ቁጭ ብሎ ማን ማንን እንደምትነቁር ይመዘግብ ነበር፤ ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1921 ዛሬ ሁላችንም በየአጋጣሚው የምናነሳውን የመንቆር ተዋረድ ጽፎ አቀረበ። ከላይ ያለችው ከታች ያለችውን ትነቁራለች፣ የታችኛዋ ገለል ትላለች፣ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ደረጃው አንዴ ከተያዘ ጠቡ ይረግባል። እሺ፣ ልክ ነው። እዚህ ድረስ አልከራከርም።

ግን ያቺን «ገለል ትላለች» የምትለዋን ነገር ልብ በሏት። የተሸነፈች ዶሮ መሸነፏን የምታሳየው ቦታ በመልቀቅ ነው። የምትለቅበት ቦታ ከሌላትስ? አንድ በር ባለው ቤት፣ አንድ መመገቢያ ባለው ግቢ፣ ጥግ ላይ ተወትፋ የቀረች ባንታም ብትሸነፍም መሸነፏ አይቆጠርላትም። ትነቆራለች፤ ዞር ትላለች፣ ግድግዳ ነው፤ እንደገና ትነቆራለች። ተዋረዱ ሰላም የሚያመጣው መሸሻ ሲኖር ነው፤ መሸሻውን ደግሞ የሚሠራው ዶሮዋ አይደለችም፣ እኛ ነን።

ኪሎውንም እንየው እስቲ። ሴብራይት የሚባለው የባንታም ዝርያ አውራው ቢበዛ ከ600 ግራም ትንሽ ቢበልጥ ነው። ብራህማ የሚባለው ትልቅ ዝርያ አውራው 5 ኪሎ ይደርሳል። 8 እጥፍ ማለት ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከ480 ኪሎ በሬ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ዘግታችሁ «ይላመዳሉ» ትላላችሁ? በሬው እኮ ክፉ መሆን አያስፈልገውም። ዞር ሲል ቢረግጠው ይበቃል።

አሁን አንድ ሰው በሆዱ «የእኔ ባንታም ግን ግቢውን የምትገዛው እሷ ናት» እያለ ነው። እያየሁህ ነው። አለች፣ እንዲህ ያለች ባንታም አለች፤ በመጠን ብትንስም ኦርፒንግተን የሚባሉትን ትልልቅ ዶሮዎች ከመመገቢያው የምታባርር። እኔም አውቃታለሁ፣ ደስም ትለኛለች። ችግሩ ስለ እሷ ብቻ ማውራታችን ነው። ጀግናዋ በየስብሰባው ትወራለች፤ ቀስ በቀስ ከስታ የሞተችው ግን «ባንታም ድሮም ደካማ ናት» ተብላ ትቀበርና ያልቃል። የሷን ታሪክ ማን ያወራል? ፔኪንና ሲልኪ የሚባሉት ትንንሽ ዝርያዎች ደግሞ አብዛኞቹ ጀግና አይደሉም። የምንወዳቸውም ለዚሁ ነው፤ ልጅ ሲያቅፋቸው ዝም የሚሉ፣ ሲነቆሩ አጸፋ የማይመልሱ ለስላሶች ናቸው።

አንድ ነገር ላጫውታችሁ። ባለታሪኩ እዚህ አለ፣ እንድናገር ፈቅዶልኛል፣ ስሙን ግን አልጠራም፤ የምታውቁት እየሳቃችሁ አታሳብቁበት።

ይህ ወዳጃችን ግራጫ ፔኪን ባንታም ነበረችው። ከእግሯ ጥፍር ጀምሮ ላባ በላባ የሆነች፣ ክብ፣ ቆንጆ። ከትልልቅ ቀያይ ዶሮዎች ጋር ነበር የምትኖረው። ልጠይቀው ስሄድ እየዞርን ያሳየኛል፤ ባንታሟ ከእንቁላል መጣያው ሳጥን ጣሪያ ላይ ቁጭ ብላለች። «እዚያ መዋል ትወዳለች» አለኝ። «ፀሐይ ትሞቃለች፣ ታስባለች።» ታስባለች! ሻይ ጠጣን፣ ወሬ አወራን፣ ስንመለስ እዚያው ናት። «ከቀያዮቹ ጋር እንዴት ናት?» አልኩት። «ሰላም ናቸው፣ መጀመሪያ ትንሽ ተጣሉ፣ አሁን ተላምደዋል» አለኝ፣ በኩራት።

እኔ ግን ዓይኔ ከመመገቢያው አልነሳም። ባንታሟ አንዴ ወረደች። በግድግዳው ጥግ ጥግ፣ አንገቷን ሰብራ፣ ወደ መኖው ተጠጋች። አንዷ ቀይ ዶሮ ቀና አለች። ቀና ብቻ! አልነቆረቻትም፣ አላባረረቻትም፣ አንድ እርምጃ እንኳን አልተነቃነቀችም። አየቻት። ባንታሟም ተመልሳ ጣሪያዋ ላይ ወጣች። ይሄ ነው «ሰላም» የተባለው። ደም የለም፣ የተነጨ ላባ የለም፣ ጩኸት የለም። የዛቻው ሥራ ስላለቀ መንቆሩ አላስፈለገም።

ሲመሽ «እስቲ አንዴ ልያዛት» አልኩት። ዶሮ ቀኑን ሙሉ ስትለቅም ውላ ቆጥ ላይ ስትወጣ፣ ከአንገቷ ግርጌ ወደ ቀኝ ያለችው የእህል ከረጢት ጠጠር ብላ ሞልታ ትዳሰሳለች። ጣቴን በላባው ውስጥ ሰደድኩ። ምንም የለም። ባዶ ቆዳ። ከዚያ ወደ ደረቷ አጥንት ወረድኩ፤ በግራና በቀኙ መኖር የነበረበት ሥጋ የለም፣ አጥንቱ ብቻውን ሹል ብሎ ቆሟል። እጁን ይዤ እዚያው አስቀመጥኩለት። «ወፍራም መስላኝ ነበር» አለ። ላባ ነዋ! የፔኪንና የሲልኪ ላባ ክሳትን ይደብቃል፣ በዓይን አታገኙትም። በጣት ነው።

ስለዚህ ከዚህ ንግግር አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህችን ውሰዱ። ማታ ማታ ባንታሞቻችሁን ዳስሱ። ከረጢቷ ሙሉ ከሆነ ስለ ተዋረዱ አትጨነቁ፣ ተኙ። ባዶ ከሆነ ግን ማንም ምን ቢላችሁ ዶሮዎቹ አልተላመዱም፤ አንዷ እየተራበች ነው።

የዚያ ግቢ መድኃኒት ውድ አልነበረም። ወዳጃችን አንዱን ትልቅ መመገቢያ በሦስት ትንንሾች ተካ፣ በሦስት አቅጣጫ፤ አንዱ ጋ የቆመች ዶሮ ሌላውን እንዳታይ። ይሄ «እንዳታይ» የሚለው ነው ቁም ነገሩ። ሦስቱን ጎን ለጎን ከደረደራችኋቸው አንዲት ጉልበተኛ ሦስቱንም ትጠብቃለች። ሰፋ ያለ ጣውላ ግድግዳ ላይ አጋድሞ አስደገፈ፣ ከኋላው ተገብቶ በወዲያ በኩል የሚወጣበት። መውጫ የሌለው መደበቂያ ወጥመድ ነው፣ አትሥሩት። ከዚያ ደግሞ ጥግ ላይ በሽቦ የታጠረች ቦታ አበጀ፤ መግቢያዋ ባንታም የምታልፍበት፣ ትልቋ ደረቷ የማያስገባት። መኖና ውኃ ውስጧ። ባንታሟ ገብታ ስትበላ ቀይዋ በሽቦው ውጭ ቆማ ታያለች። ማየት ይፈቀዳል።

እሺ፣ አዲስ ባንታም ስታመጡስ? መጀመሪያ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ለብቻ፣ ራቅ አድርጋችሁ፤ ይሄ ለበሽታ ነው፣ ከጠብ ጋር አይገናኝም። ከዚያ በሽቦ ማዶ፣ እየተያዩ፣ እየተደማመጡ፣ ቢያንስ አንድ ሳምንት፤ ሁለት ቢሆን ይሻላል። ከዚያ ሰፊ ቦታ ላይ አብራችሁ ልቀቁ፣ እናንተም ቁጭ ብላችሁ። «ማታ በጨለማ ቆጥ ላይ አስቀምጣት፣ ጠዋት እንግዳ መሆኗን አያውቁም» የሚባል ዘዴ አለ። ያውቃሉ እንጂ! ዶሮ የራሷን መንጋ አንድ በአንድ ነው የምትለየው። ከሽቦው በኋላ ከሆነ ይረዳል፣ በሽቦው ፈንታ ከሆነ ግን ጠዋት ጠቡን በጠባብ ቤት ውስጥ ታስጀምራላችሁ።

መቼ ነው ጣልቃ የምንገባው? ነቆር አድርጋ ብትተዋት ተዉ። እያሳደደች፣ ላባ እየነጨች፣ ተረማምዳባት አናቷን ከነቆረች ግን ተነሱ። በተለይ አናት! ሲልኪና ጉትያ ያላቸው ፖሊሽ የሚባሉት ዶሮዎች የራስ ቅላቸው አናት ላይ በደንብ ያልተገጠመ ክፍት ሊኖረው ይችላል፤ አንድ መንቆር አንጎል ላይ ሊያርፍ ይችላል። ጉትያው ዓይናቸውንም ይጋርዳል፣ የምትመጣባቸውን አያዩም፣ ስለዚህ ዓይናቸው ላይ የወደቀውን ላባ ከርከም አድርጉላቸው። ደም ካያችሁ ደግሞ «ነገ» የሚባል ነገር የለም። ዶሮ ቀይ ነገር ይስባታል፣ አንዷ ከጀመረች ሁሉም ይቀጥላሉ። የቆሰለችውን አውጡ፣ ግን ከመንጋው ዓይን አታርቋት፣ በሽቦ ማዶ አድርጓት።

ቁስል ከሌለስ ማንን ነው የምናወጣው? ሁላችሁም የተነቆረችውን ታወጣላችሁ። ለምን? ጥፋቷ ምንድን ነው? ከሰነበተች በኋላ ስትመልሷት እንግዳ ሆና ነው የምትገባው፣ ዱላው እንደ አዲስ ይጀምራል። የምትወጣው ነቋሪዋ ናት! እሷን ለተወሰኑ ቀናት አግልሏት። ያኔ እንግዳ ሆና የምትመለሰው እሷ ትሆናለች፣ ወንበሯም ተይዞ ይጠብቃታል።

አሁን ስለ አውራ ዶሮ፤ እዚህ ላይ የሚቀየመኝ ይቀየመኝ። 4 ኪሎ አውራ ዶሮ ግማሽ ኪሎ በምትመዝን ባንታም ላይ ሲወጣ ቆማችሁ የምትስቁ ሰዎች አላችሁ። የሚያስቀው ምኑ ነው? ጀርባዋ ተመልጦ፣ ጎኗ በእግሩ ሹል ተተልትሎ፣ ስታነክስ እያያችሁ «ተፈጥሮ ነው» ትላላችሁ። ሁለቱን አንድ ግቢ ያገናኛቸው ተፈጥሮ አይደለም፣ እናንተ ናችሁ! ትልቅ አውራና ባንታም ሴት አይቀላቀሉም፣ አለቀ። ድርድር የለውም። ባንታም አውራ ከትልልቅ ሴቶች ጋር ግን አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የለውም፤ ትንሽ ይንጎማለላል፣ አንዳንዴም ይሳካለታል። ሁለት አውራዎች፣ አንዱ ትልቅ አንዱ ባንታም፣ አንድ ላይ አትልቀቁ፤ ትንሹ ልቡ ትልቅ ነው፣ አይሸሽም፣ የሚሞተውም ለዚያ ነው።

አዘጋጆቹ ሰዓት እያሳዩኝ ነው። ዝርዝሩን ላውጣ።

ቆጥ። ከፍታው የተለያየ ይሁን። ብዙዎቹ ባንታሞች ጥሩ ይበራሉ፣ ላይኛውን ይውሰዱ፤ ከባዶቹ ከላይ ሲዘሉ እግራቸውን ይጎዳሉ፣ ለእነሱ ዝቅ ያለ። ሲልኪ አይበርም፣ መሬት ላይ ደረቅ ጉዝጓዝ አንጥፉለት።

መኖ። የእንቁላል ጣይ መኖ ካልሲየሙ ለጫጩትና ለቄብ ይበዛል። መንጋው የተደባለቀ ከሆነ ለታዳጊ ዶሮ የሚሠራውን የአሳዳጊ መኖ ለሁሉም፣ የተፈጨ ዛጎል ለብቻ በሌላ ዕቃ። መጠጫውን ባንታሟ የምትደርስበት አድርጉ፤ ትልቋ ጎንበስ ብትል አትሞትም።

በሽታ። ሴብራይትና ሲልኪ ማሬክ በሚባለው የቫይረስ በሽታ በቀላሉ ከሚጠቁት ናቸው። ክትባቱ የሚሰጠው በተፈለፈሉበት ቀን ነው፣ ስለዚህ ስትገዙ ጠይቁ፣ ካሳደጋችሁ በኋላ አይደለም።

መታቀፍ። ባንታም ብዙ ጊዜ ታቃፊ ናት፣ የትልቅ ዝርያ እንቁላልም 21 ቀን ታቅፋ ትፈለፍላለች፣ ክንፏ የሚሸፍነውን ያህል ብቻ ስጧት። ትልልቆቹ መጥተው እላይዋ ላይ እንቁላል እንዳይጥሉ በሽቦ ለዩአት። ጭልፊትም ከትልቋ ይልቅ ባንታሟን ይመርጣል፣ ከላይ መረብ ዘርጉ።

ጨረስኩ። ከዚህ በኋላ ዶሮ ልትለዋወጡ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ቅርጫቶቹን ስገባ አይቻለሁ። አንዲት ባንታም ብቻዋን ነጥላችሁ ለማንም አትስጡ፣ ማንም ነጥሎ ቢሰጣችሁም እንቢ በሉ፤ ሁለት ካልሆነች ትቅር። ያቺን የባንታም መግቢያ ከጣውላ ቆርጬ አምጥቻታለሁ፣ ጠረጴዛው ላይ ናት። ልኬቷን እንዳለ አትገልብጡት፤ የራሳችሁን ባንታም አሳልፏት፣ የራሳችሁን ትልቅ ዶሮ ሞክሯት፣ ከዚያ ቁረጡ። ያቺ በሻይ ሰዓት የጠየቀችን አባል ካለች ደግሞ ወደ እኔ ትምጣ፣ የመጀመሪያዋን መግቢያ የምትወስደው እሷ ናት።