ቶኪዮን ማን ሠራት?

እንደምን አመሻችሁ፣ የተከበራችሁ እንግዶች።

ስለ ጃፓን ከተሞች ሲወራ ፈጣን ባቡርና መብራት ያሸበረቀበት ጎዳና ነው የሚነሳው። እኔ ግን ዛሬ ወደ ጓሮ ልወስዳችሁ ነው። ቶኪዮን ቶኪዮ ያደረጋት ቤተ መንግሥቱ ሳይሆን ተጨናንቆ የሚኖረው ሰፈርተኛ ነው ባይ ነኝ።

ቶኪዮ ድሮ ኤዶ ትባል ነበር። የጦር መሪው ቶኩጋዋ ኢያሱ በ1590 ሲገባባት (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) ዙሪያዋን ረግረግ የከበባት ትንሽ ቦታ ነበረች። በ1603 ሾገን (የአገሪቱ ወታደራዊ ገዥ) ተብሎ አገሩን ከዚያው መግዛት ጀመረ። በ1635 ደግሞ የልጅ ልጁ ኢየሚትሱ አንድ ሕግ አጠበቀ። የየግዛቱ መሳፍንት አንድ ዓመት በአገራቸው፣ አንድ ዓመት በኤዶ ይቀመጣሉ። ሚስትና ልጆቻቸው ግን ከኤዶ ንቅንቅ አይሉም። በግልጽ አማርኛ መያዣ ናቸው።

ሕጉ የወጣው አመፅን ለመከላከል ነው። የወለደው ግን ከተማ ነው። መስፍን ብቻውን አይመጣም፤ ወታደሩንና አሽከሩን አስከትሎ ነው። ይህን ሁሉ ሰው የሚያበላና የሚያለብስ ነጋዴና የእጅ ባለሙያ ከየአገሩ ጎረፈ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የኤዶ ሕዝብ ወደ አንድ ሚሊዮን ተጠጋ። መሬቱን ግን በአብዛኛው የያዙት መሳፍንቱና ሳሙራዮቹ (ተዋጊዎቻቸው) ናቸው። የሕዝቡ ግማሽ ያህል የሆነው ተራ ከተሜ ከአምስት አንድ እጅ በማትሞላ መሬት ላይ ተጠጋግቶ ኖረ።

የድሃው ቤት ናጋያ የሚባል ረድፍ ቤት ነው። የተለመደው ክፍል 2.7 በ3.6 ሜትር ነው። ምድጃውም መኝታውም እዚያው። ግድግዳው ስስ ስለሆነ የጎረቤትን ጭቅጭቅ በነጻ ትሰማላችሁ። ጓሮው ላይ የጋራ ጉድጓድና የጋራ መጸዳጃ አለ። የጉድጓዱ ነገር ይገርማል፤ ውሃው ከሥሩ አይመነጭም። በ1653 ከታማ ወንዝ 43 ኪሎ ሜትር በተቆፈረ ቦይ መጥቶ፣ መሬት ውስጥ በተቀበረ የእንጨት ቧንቧ ነው የሚደርሰው። ፓምፕ የለም፤ ሥራውን የሚሠራው ቁልቁለቱ ነው። መጸዳጃውስ? ገበሬዎች ለማዳበሪያ ይገዙታል፣ ወይ በአትክልት ይለውጡታል። ገቢው ለተከራዩ አይደለም፤ ቤቱን ለሚያስተዳድረው ሰው ነው። አከራይ መቼም አከራይ ነው!

ከተማዋ በብቸኛ ወንዶች የተሞላች ነበረች። ስለዚህ ምግቡ ውጭ ነው። ዛሬ በውድ የሚበላው በእጅ የተጠፈጠፈ ሱሺ (ዓሣ የተደረገበት ሩዝ) በ1820ዎቹ አካባቢ የመንገድ ዳር የችኮላ ምግብ ነበር። ቆሞ ጎረስ ጎረስ፣ ከዚያ ወደ ጉዳይ።

ደግሞ እሳት አለ። በ1657 የተነሳው ቃጠሎ እስከ መቶ ሺህ ሰው እንደፈጀ ይገመታል። ሾገኖቹ ጠላት እንዳይሻገር ብለው የድልድዮችን ቁጥር ስላሳነሱ፣ ወደ ሱሚዳ ወንዝ የሸሸው ሕዝብ መሻገሪያ አጥቶ አለቀ። ከዚያ በኋላ ነው የሪዮጎኩ ድልድይ የተሠራው። እሳት እንዳይዘልም በአጠገቡ ሰፊ ባዶ ቦታ ተተወ። ሕዝቡ ግን ባዶ ቦታ አይቶ ዝም አይልም። ሻይ ቤት፣ ትርኢት፣ ሻጭ ሞላበት። የእሳት መከላከያው ከኤዶ ዋና ዋና መዝናኛዎች አንዱ ሆነ! በዚያው ቃጠሎ የወደመው የሾገኑ ትልቁ ግንብ ግን እስከ ዛሬ አልተሠራም።

በ1868 ኤዶ ቶኪዮ ተባለች። በ1923 የመሬት መንቀጥቀጥ፣ በ1945 የአሜሪካ ቦምብ አቃጠሏት። ሁለቴም እንደገና ተሠራች።

ወደ 1964 ልዝለል። አበበ ቢቂላ ሁለተኛ የማራቶን ወርቁን ሲያገኝ አብዛኛውን የሮጠው ኮሹ ካይዶ በተባለው ጎዳና ነው። ይህ መንገድ ከኤዶ ከሚወጡት አምስት ዋና መንገዶች አንዱ ነው። የአምስቱም መነሻ ኒሆንባሺ ድልድይ ነው። ለዚያው ኦሎምፒክ ሲጣደፉ ግን በድልድዩ አናት ላይ የመኪና ፈጣን መንገድ ገተሩበት። መሬት ለመግዛት ጊዜ ስላልነበራቸው ድልድዩ ካለበት ወንዝ በላይ አሳለፉት። በእኔ ዓይን ይህ ከቶኪዮ ስህተቶች ዋነኛው ነው። የሰፈሩ ነዋሪና ነጋዴ ግን ለአሥርተ ዓመታት ሲሟገት ኖሮ፣ አሁን መንገዱን ከመሬት በታች ለመቅበር ሥራ ተጀምሯል። የላይኛውን አፍርሰው ለመጨረስ ያቀዱት እስከ 2040 ነው።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ካላችሁ እዚሁ ነኝ።