ስህተቱም እውነት የሚሆንበት ቁጥር አለው

ሰላም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። የዛሬው ስለ አልጀብራ ነው፤ ኮሌጅ እንደገባን መጀመሪያ ስለምንወስደው። ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ፣ እየሰማችሁ ብትጽፉት ይሻላል።

እስቲ ይህን ጻፉ፦ ኤክስ ሲደመር 6፣ ጠቅላላው ለ6 ሲካፈል። ብዙ ተማሪ ላይ ያለውን 6 ታች ካለው 6 ጋር ይሰርዝና «መልሱ ኤክስ ነው» ይላል። በኤክስ ቦታ 2 አስገቡ። ላይ 8፣ ታች 6፤ አንድ ከአንድ ሦስተኛ ይመጣል እንጂ 2 አይመጣም። አሁን ደግሞ 6 ኤክስ ለ6 ሲካፈል ብላችሁ ጻፉ። እዚህ መሰረዝ ይቻላል፣ ምክንያቱም 6 የላይኛውን ጠቅላላ ያባዛል። በመጀመሪያው ግን 6 ከኤክስ ጋር የተደመረ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ማካፈሉ ለሁለቱም ይደርሳል፦ ኤክስ ለ6፣ ሲደመር 1።

«ተርምና ፋክተር አታምታቱ» የሚባለው ይሄ ነው፤ ተርም የሚደመረው ወይም የሚቀነሰው፣ ፋክተር ደግሞ የሚባዛው ነው፤ ትክክለኛ ምክር ነው። ግን ለእኔ ከሥሩ ሌላ ነገር አለ፤ ዛሬ ማውራት የምፈልገውም እሱን ነው። የእኩል ይሆናል ምልክት ሁለት ሥራ ይሠራል። «አቅልሉ» ስትባሉ፣ የምትጽፉት እኩልነት ለማንኛውም ኤክስ እውነት መሆን አለበት። «ፍቱ» ስትባሉ ደግሞ ጥያቄው «ለየትኛው ኤክስ ነው እውነት የሚሆነው?» ነው። ምልክቱ አንድ ስለሆነ ሁለቱ ይደባለቃሉ።

የተሳሳተውን ማቅለል እንደ ኢኩዌሽን ወስዳችሁ ፍቱት። ኤክስ ሲደመር 6 ለ6 ተካፍሎ ከኤክስ ጋር እኩል ነው እንበል። ሁለቱንም ጎን በ6 አባዙ፤ ኤክስ ሲደመር 6 ከ6 ኤክስ ጋር እኩል ይሆናል፣ 5 ኤክስ 6 ነው፣ ኤክስ 1.2 ነው። ያ ስረዛ በ1.2 ላይ ብቻ እውነት ነው፤ ከዚያ ውጭ በየትኛውም ቁጥር ሐሰት። ሌላም ሞክሩ። ኤክስ ሲደመር 3፣ በቅንፍ፣ ስኩዌር ሲደረግ ኤክስ ስኩዌር ሲደመር 9 ነው የሚሉ አሉ። ትክክለኛው ኤክስ ስኩዌር፣ ሲደመር 6 ኤክስ፣ ሲደመር 9 ነው። ሁለቱ እኩል የሚሆኑት 6 ኤክስ ዜሮ ሲሆን፣ ማለትም ኤክስ ዜሮ ሲሆን ብቻ ነው።

ለዚህ ነው መልሳችሁን በቁጥር ስትፈትሹ ዜሮን የማልመክረው፤ ስህተቱን ይደብቅላችኋል። ግን ሌላ ቁጥርም ሊሸውድ ይችላል። 7 ሲቀነስ 2 በቅንፍ ኤክስ ሲቀነስ 4 የሚለውን አቅልሉ። ትክክለኛው 15 ሲቀነስ 2 ኤክስ ነው፤ ኔጌቲቭ 2 በኔጌቲቭ 4 ሲባዛ ፖዘቲቭ 8 ስለሚሰጥ። አንዱ የተለመደ ስህተት 7 ሲቀነስ 2ን ቀድሞ ሠርቶ 5 በቅንፍ ኤክስ ሲቀነስ 4 ማለት ነው፤ ማባዛት ከመቀነስ መቅደሙን መርሳት። አሁን ኤክስን 5 አድርጉ። ትክክለኛው 15 ሲቀነስ 10፣ 5 ነው። የተሳሳተውም 5 በ1፣ 5 ነው! ኤክስን 1 ብታደርጉ ግን አንዱ 13፣ ሌላው ኔጌቲቭ 15 ይሆናል። ስለዚህ አንድ ቁጥር ስህተትን ማጋለጥ ይችላል፣ ትክክልነትን ግን አያረጋግጥም። ቢያንስ ሁለት ቁጥር ሞክሩ።

የሁለቱ ሥራ መደባለቅ በተቃራኒውም ይመጣል። ኤክስ ለ2 ሲደመር ኤክስ ለ3 አቅልሉ ሲባል፣ «በ6 አባዝቼ ክፍልፋዩን አጠፋለሁ» ብሎ 5 ኤክስ የሚመልስ አለ። በ6 ማባዛት የሚቻለው ሁለት ጎን ሲኖር ነው። እዚህ ሌላ ጎን የለም፤ በ6 ካባዛችሁ የቁጥሩን ዋጋ ስድስት እጥፍ አደረጋችሁት። መልሱ 5 ኤክስ ለ6 ነው።

ወደ መፍታት እንምጣ። እዚያ በየመስመሩ የምጠይቀው «መፍትሔ ጠፋብኝ ወይስ ተጨመረብኝ?» የሚለውን ነው። ኤክስ ስኩዌር ከ5 ኤክስ ጋር እኩል ነው ሲባል ሁለቱንም ለኤክስ ማካፈል ያጓጓል፤ 5 ብቻ ይቀራል፣ ዜሮ ግን ጠፋ። ኤክስ ዜሮ ሊሆን እየቻለ ለኤክስ አይካፈልም። ሁሉንም ወደ አንድ ጎን አምጡና ኤክስን ከቅንፍ አውጡ፤ ሁለቱም መፍትሔዎች ይታያሉ። በሌላ በኩል የኤክስ ሲደመር 6 ስኩዌር ሩት ከኤክስ ጋር እኩል ነው ሲባል፣ ስኩዌር ስታደርጉት 3 እና ኔጌቲቭ 2 ይመጣሉ። ኔጌቲቭ 2ን መልሳችሁ አስገቡ፤ የ4 ስኩዌር ሩት 2 ነው፣ ኔጌቲቭ 2 አይደለም። 2 እና ኔጌቲቭ 2 ስኩዌር ሲደረጉ ሁለቱም 4 ስለሚሆኑ፣ ስኩዌር ማድረግ ልዩነታቸውን አጠፋውና አንድ የማይሆን መልስ አስገባ። እዚህ ላይ መልሶ ማስገባት የአፈታቱ አካል ነው፤ ካልሠራችሁት ሥራው አላለቀም።

ስኩዌር መሙላት የሚባለውን ዘዴ የሚሸመድዱት ብዙ ናቸው፤ በሥዕል ማየት ግን በጣም ያምራል። በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባግዳድ ይሠራ የነበረው አል ኸዋሪዝሚ ኤክስ ስኩዌር ሲደመር 10 ኤክስ ከ39 ጋር እኩል ነው የሚለውን በዚህ መንገድ ፈትቶታል። ጎኑ ኤክስ የሆነ ስኩዌር ሣሉ። 10 ኤክስን ለሁለት ከፍላችሁ፣ ስፋታቸው 5 የሆኑ ሁለት ሬክታንግሎች አንዱን በቀኝ፣ አንዱን ከታች አያይዙ። ጥግ ላይ 5 በ5 የሆነ ባዶ ቦታ ይቀራል። እሱን በ25 ሙሉት፣ በእኩልነቱ ሌላ ጎን ባለው 39 ላይም 25 ደምሩ፤ 64 ይሆናል። ትልቁ ስኩዌር ጎኑ ኤክስ ሲደመር 5 ነው፣ ስለዚህ 8 ነው፣ ኤክስ 3 ነው። አል ኸዋሪዝሚ እዚህ ያቆማል፣ ኔጌቲቭ ቁጥርን እንደ መፍትሔ አይቆጥርም ነበርና። እኛ ግን ኔጌቲቭ 8ንም እንወስዳለን፤ ሁለተኛው መልስ ኔጌቲቭ 13 ነው። ፈተና ላይ የሚረሳውም ይሄኛው ነው።

አጠናን ላይ አንድ ነገር ብቻ ልበል። የተሠራ ምሳሌ ማንበብ የገባን ያስመስላል። መፍትሔውን በወረቀት ሸፍኑና ከባዶ ጀምሩ፤ ስትጣበቁ አንድ መስመር ብቻ ግለጡ፣ ከዚያ መልሳችሁ ሸፍኑ። የትኛው መስመር ላይ እንደተጣበቃችሁ ምልክት አድርጉና በማግስቱ ያንኑ ጥያቄ ያለምንም እርዳታ ሥሩ። ደግሞ መልመጃዎችን ከተለያዩ ምዕራፎች ቀላቅሉ። አንድ ምዕራፍ ሥር ያሉት ጥያቄዎች ዘዴውን ርዕሱ ላይ ነግረዋችኋል፤ ፈተናው ግን ዘዴውን የመምረጡን ሥራ ለእናንተ ይተወዋል።

በሉ አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። «የኤክስ ስኩዌር ሲደመር 16 ስኩዌር ሩት ኤክስ ሲደመር 4 ነው» የሚል ሰው አለ እንበል። ለየትኛው ኤክስ እውነት ተናገረ? ፍቱት፣ መልሳችሁም አስገቡት። ለፖዘቲቭ ቁጥሮች ደግሞ የትኛው ጎን እንደሚበልጥ፣ ለምን እንደሚበልጥም ጻፉ።